ስሱ ለዓይን፣ ቀሪው ለአፈር

አምለሰት እባላለሁ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ አዋላጅ ነርስ ሆኜ ስሠራ አሥራ አንድ ዓመት ሞላኝ። ባልደረቦቼ "የአምለሰት ቁጣ ከእሷ ቀድሞ ክፍል ይገባል" ይላሉ፤ አልዋሹም። እጄ ግን ጥሩ ነው፤ በዚህ ከማንም ጋር አልከራከርም። ዛሬ የማወራው ግን እጄ ስላበጀው ሳይሆን፣ ብልህ ነኝ እያልኩ አሥራ አራት ወር ሙሉ ስለሠራሁት ሞኝነት ነው።

ሕፃን በማህፀን ሳለ የእንሽርት ውሃውን ቋጥሮ የሚይዝ ስስ ሽፋን አለ። ከእንግዴ ልጁ ጋር አብሮ ይወጣል፤ ብርሃን ላይ ብትይዙት የሽንኩርት ውስጠኛ ገለፈት ይመስላል። እኛ አዋላጆች ስንት ዘመን ከእንግዴ ልጁ ጋር የሆስፒታሉ ቆሻሻ ጉድጓድ ውስጥ ስንጥለው ኖርን። ይህ ሽፋን ቁስል ላይ ሲያርፍ የተቆጣውን ሥጋ ያበርዳል፣ ጠባሳ እንዳይበዛ ይከለክላል፣ አዲስ ሕዋስ በቅሎ የሞተውን እንዲተካም ማረፊያ ይሆነዋል። ዶክተር ሙንዲር የሚባል የዓይን ሐኪም ሽፋኑን ለተቃጠለ ዓይን የሚያውል ጥናት ይዞልን መጣ። የቡሬ ልጅ ነው፤ አባቱ ሐጂ ኑርሁሴን በቡሬ ገበያ የታወቁ የበርበሬ ነጋዴ ናቸው። የሚሠራው ባሕር ዳር ሲሆን፣ በየሦስት ወሩ መንገዱ ሲፈቅድ አራት ቀን ለእኛ ይሰጣል። እሱ ይተክላል፣ እኔ ሽፋኑን እሰበስባለሁ።

መሰብሰብ ሲባል ቀላል ይመስላል። በቀዶ ሕክምና የምትወልድ፣ ደሟ ተመርምሮ ንጹሕ የሆነች እናት አገኛለሁ፤ አስረዳታለሁ፤ "እሺ" ትላለች። ከዚያ አማቷ ወይም እናቷ ብቅ ይላሉ፤ ነገሩ እዚያው ያበቃል። በእኛ አገር የእንግዴ ልጅ የትም አይጣልም። ልጁ የቤቱ ልጅ እንዲሆን ከግቢው ውስጥ፣ ውሻ በማይቆፍረው፣ ጎርፍ በማይወስደው ቦታ ይቀበራል። ቀባሪዋም የቤቱ ትልቅ ሴት ናት። በአሥራ አራት ወር የሰበሰብኩት ሽፋን ዘጠኝ ብቻ ነው። ስንት ጊዜ እንደተቆጣሁ ግን አልቆጠርኩም።

የምቆጣው በዓይኔ ያየሁት ስላለ ነው። ከደምበጫ የመጣች አንዲት ልብስ ሰፊ የባትሪ አሲድ ዓይኗን አጥፍቶት ነበር፤ ዛሬ መርፌ ላይ ክር ታስገባለች። ዶክተር ሙንዲር "ይህ ገና መጀመሪያው ነው፤ የእሳት ቃጠሎም፣ አልድን ያለ የእግር ቁስልም በዚሁ መንገድ ይመጣል" ሲል አምነዋለሁ። ሰውነት ራሱን መጠገን ያውቅበታል፤ ከእኛ የሚጠበቀው የጎደለውን ማቀበል ነው። ይህን የሚያህል ነገር በእጄ አልፎ ጉድጓድ ሲገባ እንዴት አልናደድ?

ደጀኔ የመጣው በዚህ መሐል ነው። የሰከላ ገበሬ ነው፤ ቤቱ ከግሽ ዓባይ ትንሽ ወጣ ብሎ ነው። ልጅ ሳለ በገና ጨዋታ የተለጋች የእንጨት ሩር ቀኝ ዓይኑን አገኘችው። ዓይኑ ላዩ ጥርት እንዳለ ቀረ፤ ውስጡ ግን ማየት አቆመ። ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት በግራ ዓይኑ ብቻ አርሶ፣ ዘርቶ፣ አግብቶ ኖረ። ካቻምና መሬቱ አሲዳማ ሆኖ ገብስ አልሰጥ ሲለው፣ ለእርሻ የሚታደለው የተፈጨ ኖራ እስኪደርስ መታገሥ አቃተው። ጅጋ ገበያ ወርዶ ለግንብ የሚሆነውን የተቃጠለ ኖራ ገዛ። "ኖራ ኖራ ነው ብዬ" ይላል ሲያወራ። ነፋስ ባለበት ጠዋት በእጁ ሲበትን ነፋሱ ግራ ዓይኑ ውስጥ መለሰበት። ሚስቱ ፍሬሕይወት ጎትታ ከምንጩ አፍ ሥር አስተኝታ ግማሽ ቀን ሙሉ ዓይኑን አጠበችው። የዓይኑን ውስጥ ያተረፈችለት እሷ ናት፤ ላዩን ግን ነጭ ጠባሳ ሸፈነው።

እንግዲህ ደጀኔ ሁለት ግማሽ ዓይን ቀረው። ቀኙ ላዩ ደህና፣ ውስጡ የሞተ፤ ግራው ውስጡ ደህና፣ ላዩ የተዘጋ። ዶክተር ሙንዲር ጨለማ ክፍል አስቀምጦ በግራ ዓይኑ ላይ ባትሪ እያበራ ጠየቀው።

"ብርሃኑ ከየት በኩል ነው?"

"ከላይ።"

"አሁንስ?"

"ከአፍንጫዬ በኩል።"

አንዱንም አልሳተም። ዶክተሩ ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ። ጥቁሩና ነጩ የዓይን ክፍል በሚጋጠሙበት ጠርዝ ላይ፣ ዕድሜ ልክ አዲስ ሕዋስ የሚያወጡ ዘር የሆኑ ሕዋሳት አሉ፤ ሐኪሞቹ ስቴም ሴል ይሏቸዋል። የግራውን ኖራው ጨርሷቸዋል። በቀኙ ጠርዝ ላይ ያሉት ግን ሕያው ናቸው፤ ምንም ለማያይ ዓይን በከንቱ ዘብ ቆመዋል። ከዚያ ላይ ከስንዴ ቅንጣት የምታንስ ቁራጭ ትነሣና፣ ተከታትፋ፣ በስሱ ሽፋን ላይ ተደርጋ በግራው ዓይን ትተከላለች። የማያየው ዓይን ለሚያየው ዘር ያበድራል ማለት ነው።

ለዚህ ሁለት ጊዜ ተቀጥሮ፣ ሁለት ጊዜ መንገድ ተዘጋና ዶክተሩ ሳይመጣ ቀረ። ለሦስተኛው ደጀኔ ሚስቱንና እናቱን ይዞ መጣ። ፍሬሕይወት ቀኗ ደርሷል፤ የመጀመሪያ ልጇን በቀዶ ሕክምና ስለወለደች ለዚህኛውም ሐሙስ ጠዋት ተቀጥሮላታል። የእሱ ሐሙስ ከሰዓት ነው። ቀጠሮውን አጋጥሜ ያስያዝኩት እኔ ነኝ፤ ከሰከላ ሁለት ጊዜ ከሚመላለሱ ብዬ። ማክሰኞ ሲደርሱ ደጀኔ እጄን ይዞ ቁርጡን ነገረኝ።

"ሲስተር፣ ዘንድሮ ካልሆነ አልመለስም። በሬዎቼን ሰው ይጠምዳቸዋል፣ ማሳዬን ሰው ይነግረኛል። እየጠበቁ መታወር ደግሞ ከመታወሩ ይብሳል። ካልሆነ ቁርጤን አውቄ ልልመደው።"

"ይሆናል" አልኩት አፌን ሞልቼ።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ግን የፈላ ዘይት ዓይኗ ውስጥ የገባ ሴት መጣች። የእሷ የሚያድር አልነበረም። ማቀዝቀዣ ውስጥ የነበረችውን የመጨረሻዋን ሽፋን ለእሷ አዋልናት፤ ተገቢም ነበር። ረቡዕ ጠዋት ዶክተር ሙንዲር ባዶውን ማቀዝቀዣ ከፍቶ ቆሞ አገኘሁት።

"አምለሰት፣ ለደጀኔ ምን ይዘናል?"

"ምንም።"

"ያለ ሽፋኑ አልተክልም። ዘሩ የሚይዝበት የለውም፤ ያቺን ቁራጭ ማባከን ይሆናል።" ማቀዝቀዣውን ዘጋና "ሚስቱ ነገ ጠዋት አይደል የምትወልደው? የደም ምርመራዋስ?" አለ።

"ንጹሕ ናት። ጥናቱ አዲሱንም ሽፋን በዕለቱ መጠቀም ይፈቅዳል። ለእኔ ተወው፤ ለገዛ ባሏ ዓይን እምቢ የምትል የለችም።"

ፍሬሕይወትን ከክፍሏ በር ላይ፣ ፀሐይ ስትሞቅ አገኘኋት። ሁሉንም ነገርኳት። እንባዋ መጣ።

"እኔማ የራሴን ዓይን አውጥታችሁ ብትሰጡት አልሳሳም" አለች። "ግን እሜቴ እሺ ካላሉ አልፈርምም።"

"ፊርማው የአንቺ ነው እኮ። የማንም ፈቃድ አያስፈልግሽም።"

"እዚህ አያስፈልገኝም ይሆናል። የምኖረው ግን ከእሳቸው ጋር ነው። ነገ ሕፃኑን ጉንፋን ቢይዘው 'እንግዴ ልጁን ሰጥታ ነው' ነው የሚባለው። እሳቸው ባይሉኝ እንኳ እኔው ለራሴ እለዋለሁ።"

የደጀኔ እናት እሜቴ ውዳሴ ከግቢው ዛፍ ሥር፣ ጥላው ውስጥ ተቀምጠው እንዝርት ያሾራሉ። ሰባ ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሴት ናቸው። አጠገባቸው ተንበርክኬ ጀመርኩ። ስለ ሽፋኑ፣ ስለ ዘሩ፣ ስለ ደምበጫዋ ልብስ ሰፊ ነገርኳቸው። እንዝርታቸውን ሳያቆሙ አዳመጡኝ፤ ስጨርስ ግን አቆሙት።

"ልጄ፣ የመጀመሪያዋ የልጅ ልጄ እዚሁ ነው የተወለደችው። እንግዴ ልጇን ስጡኝ ብል 'ጉድጓድ ገብቷል' አላችሁኝ። ባዶ እጄን ቤቴ ገባሁ። ከዚያ ወዲያ ቤቴ አልቀናም። ልጅቱ በሽታ አይለያት፣ በሬው ገደል ገባ፣ ኋላም የልጄ ዓይን ጠፋ። አሁን የሁለተኛውንም ስጭኝ ትይኛለሽ?"

ቁጣዬ እንደ ልማዱ ቀደመኝ።

"የልጅዎን ዓይን ያጠፋው ኖራ ነው፣ ጉድጓድ አይደለም" አልኳቸው። "አሁን የሚያጠፉት ደግሞ እርስዎ ነዎት። ነገ ከሰዓት ልጅዎ ዕድሉ ሲያልፈው በእኔ እንዳያሳብቡ።"

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እንዝርቱን አንሥተው እንደገና ማሾር ጀመሩ። ክሩ ግን ሁለቴ ተበጠሰባቸው።

ክፍሌ ገብቼ የድሮውን የወሊድ መዝገብ አወጣሁ። እውነቱን ለመናገር ያወጣሁት ለጸጸት ሳይሆን ለክርክር ነው፤ የመጀመሪያዋ ልጅ ስትወለድ ጥፋቱ የማን እንደነበር ላሳያቸው። ስድስት ዓመት ወደ ኋላ ገለጥኩ። ፍሬሕይወት፣ ሰከላ፣ ሴት ልጅ፣ ሁለት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ። የእንግዴ ልጅ፦ ተወግዷል። ከሥሩ ያለው ፊርማ የእኔ ነው።

መዝገቡን ዘጋሁ። የዚያን ቀን ያደረግሁት ነገር ትዝ እንኳ አይለኝም። ለእኔ ከብዙ ሺህ አንዱ ነበር፤ ለእሳቸው ስድስት ዓመት ሙሉ ቤታቸው ውስጥ የኖረ ነገር ነው። አፈርኩ። ተመልሼ ዛፉ ሥር ሄድኩና እንደ ልጅ ቆምኩ።

"እሜቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ያን ጊዜ እንግዴ ልጁን ጉድጓድ የጣልኩት እኔ ነኝ።"

"አውቄሻለሁ" አሉኝ ቀና ሳይሉ። "ማክሰኞ ስንገባ ጀምሬ። አሁን ቁጭ በይ። የምጠይቅሽ አለኝ።"

ተቀመጥኩ።

"እኔም ባገሬ አዋላጅ ነበርኩ። ጤና ጣቢያ ሳይመጣ ያገሩን ልጅ የተቀበልኩት በዚህ እጄ ነው። ያልሽውን ስስ ነገር አውቀዋለሁ። ፊቱ በእሱ ተሸፍኖ የተወለደ ሕፃን ስንት ጊዜ ገልጬለታለሁ። አሁን ንገሪኝ፤ ለልጄ ዓይን የምትፈልጊው ስሱን ነው፣ ወይስ ሥጋውን?"

"ስሱን ብቻ ነው።"

"ሥጋውንስ ምን ታደርጊዋለሽ?"

"ይወገዳል።"

"የት?"

"ጉድጓድ።"

እሜቴ ውዳሴ ረጅም ጊዜ ዓይን ዓይኔን አዩኝ። የተቆጣ ሰው አመለካከት አልነበረም፤ የከፋ ነበር፣ ለሞኝ ሰው የሚታዘን ዓይነት።

"ለአንች የማይረባሽን፣ ለእኔ የሚረባኝን፣ ለጉድጓድ የምትሰጭው ለምንድን ነው?"

"አሠራሩ ነው" ልል አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። አሠራሩን ያወጣሁት እኔ ነኝ። የጥናቱን ቅጽ እኔው ነኝ ያረቀቅሁት፤ ላዩ ላይ ሁለት ሣጥን ብቻ አለ፦ ተሰጥቷል፣ አልተሰጠም። እናቲቱ ከሰጠች ሁሉንም እወስዳለሁ፣ ስሱን እልጣለሁ፣ ሌላው ጉድጓድ ይገባል። ካልሰጠች፣ ከጥናቱ ወዲህ፣ ሁሉንም በባልዲ ለቤተሰቡ አስረክባለሁ። ከሁለቱ መሐል ሌላ መንገድ መኖሩ አሥራ አራት ወር ሙሉ አልታየኝም። እምቢ ያሉኝ ሰዎች ሁሉ የሳሱት እኔ ለምጥለው ነገር ነው። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች የሚሉት ለእኔ ነው።

"እሜቴ" አልኩ በመጨረሻ፣ "ስሱን ልጬ ሌላውን ሁሉ በእጅዎ ብሰጥዎስ?"

"እሱን ነው እኮ ስጠብቅሽ የዋልኩት" አሉ።

ሮጥ ብዬ ለዶክተር ሙንዲር ነገርኩት። የጥናቱን ደንብ ከላይ እስከ ታች አየነው፤ የሚከለክል ቃል የለም። ስቆ ስቆ ሲያበቃ "ይህንን ከሦስት ወር በፊት ብናውቀው ማቀዝቀዣው ይሞላ ነበር" አለኝ። መሳቁ አናደደኝ፤ ግን እውነቱን ነው። ከዚያ ራሱ ዛፉ ሥር ሄዶ ለእሜቴ ቀሪውን አስረዳቸው።

"እናቴ፣ እርስዎ አገር በርበሬ ይተከላል?"

"ምነው፣ ለቤታችን የሚሆን አናጣም።"

"ዘሩን መጀመሪያ ማሳ ላይ ይበትኑታል?"

"ኧረግ፣ የማን ሞኝ? መደብ ላይ ይፈላና ነው እንጂ።"

"የእኔም ሥራ እንደዚያው ነው። ዘሩን ከቀኝ ዓይኑ አነሣለሁ፤ መደቡ የሕፃኑ ሽፋን ነው። ሥር ሲሰድ ዓይኑን ያለብሰዋል።"

እሜቴ ወደ እኔ ዞረው "ይኼ ልጅ ሲናገር ይገባል" አሉ። ውጋቱ ለማን እንደሆነ ገባኝ፤ ቻልኩት። ፍሬሕይወት ፈረመች፤ እሜቴም ከፊርማው አጠገብ ጣታቸውን በቀለም ነክረው ካላሳረፍኩ አሉ። ቅጹ አይጠይቅም ነበር። ዝም ብዬ አስፈረምኳቸው።

ሐሙስ ጠዋት ሴት ልጅ ተወለደች፤ ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ፣ ጩኸቷ ኮሪደሩን የሞላ። ሕፃኗ ለሌላ አዋላጅ ተሰጠች፤ የእኔ ሥራ ሌላው ነበር። በንጹሕ ጨርቅ ላይ ከእንግዴ ልጁ ሥጋ ስሱን ሽፋን በጣቴ ጫፍ ቀስ እያልኩ ለየሁት። ሳይቀደድ፣ ሙሉውን ወጣልኝ። ደሙ እስኪለቀው ደጋግሜ አጠብኩት፣ መድኃኒት ባለበት ውሃ ውስጥ ዘረጋሁት። ከሥሩ ያለው የሳህኑ ቁጥር ጥርት ብሎ ይነበብ ነበር። ከዚያ ሌላውን ሁሉ ክዳን ባላት አዲስ ባልዲ አድርጌ በሩ ላይ ቆመው ለሚጠብቁት ለእሜቴ ውዳሴ በሁለት እጄ አስረከብኳቸው። ከፍተው አዩ። አገላብጠው የጎደለ ቁራጭ ካለ መረመሩ፤ አዋላጅ ናቸውና የሚያዩትን ያውቃሉ።

"እጅሽ ጥሩ ነው" አሉኝ።

ይህን ከሐኪምም ከአለቃም ሰምቼዋለሁ። የእሳቸውን ያህል ግን የኮራሁበት የለም። የዚያኑ ቀን ባልዲዋን በነጠላ ሸፍነው መኪና ተሳፈሩ፤ ልጃቸው ሲተከልለት እንኳ አልቆዩም። "እናንተ የእናንተን፣ እኔ የኔን" ብለው ሄዱ።

ከሰዓት የነበረው ሥራ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። ዶክተር ሙንዲር ከቀኙ ዓይን ጠርዝ ያችን ቁራጭ አነሣ፤ ከአሥር በላይ ትናንሽ አድርጎ ከታተፋት። የግራውን ጠባሳ ገፎ አነሣ፣ ሽፋኑን አለበሰው፣ ቁራጮቹን በላዩ ላይ ክብ አድርጎ አንድ በአንድ ደረደረ። በመጨረሻ ለስላሳ ሌንስ ከደነበት። ደጀኔ ነቅቶ ነበርና ሲያልቅ "ተዘራ?" አለ።

"ተዘራ" አለው ዶክተሩ። "አሁን አረም እንዳይገባብህ። ውሃ ዓይንህን እንዳይነካው፣ አትሸው፣ ጠብታውን ሰዓቱን ጠብቀህ አድርግ።"

"ጸበልስ?"

"ጠጣው። ዓይንህን አትታጠብበት" አልኩ እኔ ቀድሜ፤ ይህን ጥያቄ ስንቴ ሰምቼዋለሁ።

ሦስት ሳምንት እዚሁ አቆየሁት። በየቀኑ አረንጓዴ የሚያበራ ቀለም ጠብ እናደርጋለን፤ ሕዋሱ ያልለበሰው ቦታ በሰማያዊ መብራት ያበራል። መጀመሪያ የዓይኑ ፊት ግማሹ ያበራ ነበር። በአምስተኛው ቀን ቁራጮቹ እየሰፉ ተገናኙ። በአሥራ ሦስተኛው ቀን የሚያበራ ቦታ አልቀረም። የእሱ የገዛ ሕዋስ፣ ከማያየው ዓይኑ ተነሥቶ፣ በሴት ልጁ ሽፋን ላይ ተራምዶ ግራ ዓይኑን አለበሰው። ሥዕሉን ለባሕር ዳር ላክሁ። ዶክተር ሙንዲር በስልክ ብዙ ነገር ተናገረ፤ እኔ ብዙውን አልሰማሁትም፣ ደስታዬ ጆሮዬን ደፍኖታል። በሦስተኛው ሳምንት ደጀኔ በሦስት ሜትር ርቀት ጣቶቼን ቆጠረ። ጭጋግ አለው፤ ሙሉ በሙሉ የሚጠፋም አይመስለኝም። ግን ያለ መሪ ሄዶ መኪና ተሳፈረ፤ ፍሬሕይወትም ሕፃኗን አዝላ ከኋላው።

በእነዚያ ሳምንታት ቅጹን ቀየርኩት። ሦስተኛ ሣጥን ጨመርኩ፦ ስሱ ተወስዶ ቀሪው ለቤተሰብ ተመልሷል። በመጀመሪያው ወር ብቻ አሥራ ሁለት እናቶች ሰጡኝ፤ ከአሥራ አራት ወሩ ዘጠኝ በልጧል። እናቶችና አማቶች በር ላይ ባልዲ ይዘው ይጠብቁኛል፤ እኔም አስረክባለሁ። ዶክተር ሙንዲር አሁን ስለ እሳት ቃጠሎ ጥናት ያቅዳል፤ ሽፋን ይጎድላል ብሎ አይሰጋም። እኔም አልሰጋም።

አንድ ነገር ግን ለእሜቴ ሳልነግራቸው ቀርቻለሁ። የቀረሁትም ስለማውቀው ነው፤ የምታውቀውን ነገር ሌላውም የሚያውቀው ይመስልሃል።

በስድስተኛው ሳምንት ለክትትል አራቱም መጡ። ደጀኔ ግድግዳው ላይ ካለው የፊደል ሰሌዳ ከላይ ሦስተኛውን መስመር ለየ። ስጽፍ እሜቴ ውዳሴ አጠገቤ መጥተው ቆሙ። በእጃቸው ያችን ባልዲ፣ ታጥባ ተወልውላ ይዘዋታል።

"እንግዲህ ዓይኑ በርቷል" አሉ። "ስሱን መቼ ታወጭዋለሽ?"

"ምኑን?"

"የልጅቱን ነዋ። ለዓይኑ ነው ያልሽኝ፤ ዓይኑ ዳነ። እኔ ከደጄ ዋንዛ ሥር ሥጋውን ቀብሬ፣ በጎኑ እጅ የሚያስገባ ያህል ሳልደፍን ትቻለሁ። ድንጋይ ጭኜበት ነው የመጣሁ። እሱንም ልጨምርበት።"

ብዕሬን አስቀመጥኩ። ስድስት ሳምንት ሙሉ አንድ ጉድጓድ አፉን ከፍቶ ሲጠብቀኝ ነበር፤ አላወቅሁም። ልዋሻቸው እችል ነበር። ማቀዝቀዣ ውስጥ የሌላ ሰው ቁራጭ ሞልቷል፤ ማን ያውቃል? ግን ከስድስት ዓመት በፊት ባዶ እጃቸውን ከሄዱ ሴት ፊት ቆሜ እንዲያ ማድረግ አልሆነልኝም።

"እሜቴ፣ አይወጣም" አልኳቸው። "ሟሟ። ሕዋሱ በላዩ ሲያድግ እሱ ቀስ በቀስ ከዓይኑ ጋር አንድ ሆነ። አሁን ብፈልገውም አላገኘውም። ይህን አስቀድሜ ልነግርዎ ይገባኝ ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።"

ባልዲዋን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ናቸው። እኔም ቁጣ ቢመጣ እችላለሁ ብዬ ቆምኩ፤ የቆየ ዕዳዬ ነው።

ደጀኔ ወንበሩ ላይ ሕፃኗን ጭኑ ላይ አስተኝቷታል። ጎንበስ ብሎ፣ ግራ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ ፊቷን ያያል። እዚያ ክፍል ውስጥ ያለን ሰዎች ስናወራ የሰማ አይመስለኝም።

"ፍሬ" አለ ሚስቱን፣ "ከጆሮዋ ሥር ያለችውን ጥቁር ነጥብ ለምን አልነገርሽኝም?"

ፍሬሕይወት ቀና አለች። "የቷን? እኔም አላየኋት።"

እሜቴ ውዳሴ ሄደው ሕፃኗ ላይ አጎነበሱ፤ የጆሮዋን ጫፍ በጣታቸው ገለጥ አደረጉ። ነጥቧ አለች፤ የጤፍ ፍሬ ታህላለች። ልጃቸውን ቀና ብለው አዩት። እሱም መልሶ እሳቸውን አየ። እንባቸውን አልደበቁም፣ እኔም አልደበቅሁም።

ባልዲዋን ክዳኗን ገጥመው መልሰው አነሡ።

"እንግዲያው የተቀበረው ከአባቷ ዓይን ነው" አሉኝ። "ዛሬ ማታ ስገባ ጉድጓዱን እደፍነዋለሁ።"